ባለ አንድ ዓይኑ ሹፌር

ማርች 4፣ ማክሰኞ

የዜግነት ኢንተርቪው ቀኔ ታወቀ። ኤፕሪል 29። መነን እልል ልትል ስትል ጎረቤት ይሰማል ብዬ አፏን ያዝኩት። "ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል? እንኳን ደስ አላችሁ ነዋ!" አለች ባለቤቴ። እሷ ምን አለባት፣ ዲቪ ደርሶን ከመጣን በኋላ ጊዜው እንደፈቀደላት ነው ዜጋ የሆነችው። እኔ "በሚቀጥለው ዓመት" እያልኩ ግሪን ካርድ ሳሳድስ ኖርኩ። ልጃችን እድላዊት እዚሁ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥዕል ጋለሪ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ አሁንም እንግዳ ነው።

እስከ ኢንተርቪው ድረስ የማላደርጋቸው፦
1. ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መንዳት። አንድ ማይልም ቢሆን።
2. ፌስቡክ ላይ ላይክ ማድረግ። የልደት ኬክም ቢሆን።
3. ከጎረቤቴ ከቶሚ ጋር ስለ ፖለቲካ ማውራት።
4. ሀብቶም ያለበት መገኘት። (አይቻልም። ሀብቶም የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ የኤርፖርት ፓርኪንግ ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ፣ አብረን ነው የምንነዳው። አፉ ፍሬን የለውም።)
5. መታየት።

ማርች 9፣ እሁድ

እድላዊት ለምሳ መጥታ ነበር። ጋለሪያቸው አዲስ ኤግዚቢሽን ከፍቷል። የዋንዳን ሥዕል አምጥተናል፣ አባዬ መጥተህ እይ፣ ሰርፕራይዝ አለህ አለችኝ። ሰርፕራይዝ የሚባል ነገር አልወድም። በዕድሜዬ ጥሩ ሰርፕራይዝ ያየሁት የዲቪው ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሆዴን አሞኝ ነበር።

ዋንዳን አውቃታለሁ። ስልሳ ያለፋት፣ ሳቂታ ሠዓሊ ናት። ማስኮጊ ነች፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነገድ። እኔ መጀመሪያ "ሕንድ" ብዬ እድላዊት ተቆጥታኛለች። ይሄ አሁን እኛ ሞርጌጅ የምንከፍልበት መሬት የነሱ አገር ነበር፤ ቅድመ አያቶቿን ከጆርጂያ ነቅለው ወደ ኦክላሆማ ሰደዷቸው። ባለፈው ኦክቶበር ልጄ ለምናኝ፣ በዕረፍት ቀኔ ሻትሉን አስፈቅጄ፣ ዋንዳን ከኤርፖርት አነሳሁና እኛ ሰፈር ስቶን ማውንቴን፣ ተራራው ድረስ ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ በኔ በኩል ፎቶ ስታነሳ ነበር። መስኮቱን መስሎኝ።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

መስኮቱን አልነበረም።

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ሥዕሉ ግድግዳ ያክላል። ተራራው አለ፣ የኛው ተራራ። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ሦስቱ ለባርነት የተዋጉት የድሮ የደቡብ ጦር ፈረሰኞች ግን የሉም፤ ቦታው ልሙጥ ነው። ወርደው አስፋልቱ ዳር ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፈረሶቹ ሳር ይግጣሉ። ተራራው ላይ በጎን ነበር የሚታዩት፤ ዋንዳ ፊታቸውን ወደኛ አዙራ ሁለት ሁለት ዓይን ሰጥታቸዋለች፣ ባቡር ያመለጠው ሰው ይመስላሉ። ከኋላቸው ከረባት ያሰሩ የዛሬ ዘመን ባለሥልጣናት ቦርሳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ አንዱ የጎልፍ ዱላ አቅፏል። ተራራው ጫፍ ላይ አንዲት አሮጊት በጎን ተቀምጠው ኮክ ይበላሉ፣ ጭማቂው በክርናቸው ይወርዳል። የዋንዳ አያት ናቸው አሉ። የሥዕሉ ስም "መልካም መንገድ" ነው።

ሰዎቹን ሊወስድ የመጣ ነጭ ሻትል በሩን ከፍቶ ቆሟል። ሹፌሩ እኔ ነኝ።

በጎን ነው የተሣልኩት፣ ግን እኔ ነኝ። ኮፍያው የኔ ነው። ጆሮው የአባቴ ጆሮ ነው፤ ከቤተሰባችን ውጪ ማንም ላይ አላየሁትም።

እድላዊት ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። ምን ልበላት? "ቀለሙ ጥሩ ነው" አልኳት። ትንሽ ቅር አላት። ከዚያ በሰው ፊት ስሜን ጠርታ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ልታስተዋውቀኝ ስትል ሽንት ቤት ገባሁ። ቆየሁ። ወጥቼ በኋላ በር በኩል ፓርኪንግ ሄድኩ።

መኪናው ላይ በጸደይ የሚረግፈው የዛፍ ቢጫ ብናኝ ስለተከመረ ቁልፌ የራሴን መኪና እስኪከፍት ድረስ የኔ መሆኑን እንኳ አላወቅኩም። በሰላሙ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

ማርች 16

የመንግሥት ሰዎች ከጆርጂያ ሲባረሩ የሚያሳይ ሥዕል። የሚያባርረው እኔ። ዜግነት የሚጠይቀውም እኔ። እንቅልፍ የለም።

ማርች 21፣ ዓርብ

ዜና ላይ ወጣ። አንድ የካውንቲ ኮሚሽነር፣ የአካባቢው ተመራጭ ባለሥልጣን፣ ሥዕሉ ሥር ቆሞ "ይሄ ስድብ ነው፣ ይውረድልን" ይላል። ቴሌቪዥኑ ካሜራውን ፈረሰኞቹ ላይ፣ ባለሥልጣናቱ ላይ፣ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ አድርጎ ሻትሉ ላይ አመጣው። ሪሞቱን ወረወርኩት። መነን አንስታ ድምፁን ጨመረችው። "ጆሮህ አምሮበታል" አለችኝ።

ጋለሪው አይወርድም ብሎ፣ ኮሚሽነሩ ይውረድ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ተስማሙ፦ መጋረጃ ይደረግበታል። ማየት የሚፈልግ ገልጦ ያያል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ወር ፈጣሪ እኔን አስታወሰ።

ማርች 23፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ክፍሌ ያዙኝ። ጋሽ ክፍሌ ድቁና ድረስ የተማሩ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የማያውቁት የሌለ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው የዋንዳን ሥዕል ፎቶ ልኮላቸው በአጉሊ መነጽር መርምረውታል። እኔ መሆኔን አላወቁም።

"ሴትዮዋ ከማን ወገን እንደሆነች አልገባኝም" አሉኝ። በኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ከሓዲ ሁሉ በጎን፣ በአንድ ዓይን። "አሁን እዚህ ላይ ፈረሰኞቹ ሁለት ዓይን አላቸው። አሮጊቷ አንድ ዓይን። ሹፌሩ አንድ ዓይን። እንግዲህ በሥርዓቱ ከሄድን፣ ጻድቃኑን ጭኖ የሚወስደው ሰይጣን ነው ማለት ነው።"

እሷ የኛን ሥርዓት አታውቅም ይሆናል አልኳቸው።

"እሷ ባታውቅ እጇ ያውቃል" አሉኝ። "የሹፌሩን ጆሮ አይተኸዋል? ጤነኛ ጆሮ ነው?"

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት በጎን ቆምኩ። በእርግጥም አንድ ዓይን ነው የሚታየው። ምን ይታይ ታዲያ?

ማርች 26

ማታ መነን ጠየቀችኝ፣ የቱ ነው የሚያስፈራህ፣ መንግሥት ነው ጋሽ ክፍሌ? ሄጄ የበሩን ቁልፍ አረጋገጥኩ።

ማርች 30፣ እሁድ

መነን የሰንበቴ ሴቶችን ሰብስባ የእድላዊትን የሥራ ቦታ ልታሳይ ወሰደቻቸው። ሹፌሩ እኔ (ሌላ ማን ይሆናል)። እትዬ ኪዳነምሕረትም ነበሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ሁለት እርምጃ ሄደው አንድ ጸሎት ያደርሳሉ።

ገብተው ያንን ወይን ጠጅ መጋረጃ ሲያዩ ጫማቸውን አወለቁ። እኛ ሳንደርስ ሦስቴ ሰግደው የመጋረጃውን ጫፍ ተሳለሙ። ምን ያድርጉ፣ በመጋረጃ የሚሸፈን ሥዕል ሌላ የት አይተው ያውቃሉ? ከቦርሳቸው ጧፍ አወጡ። ዘበኛው እሳት አይቻልም ሲል እድላዊት ትራንስሌት አደረገችላቸው፤ "እንግዲያው ሳይበራ ይቀመጥ" ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ኋላ ሌሎቹም ሴቶች ሰገዱ። አሜሪካኖቹ ይሄ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ዝም ብለው ያያሉ። አንዲት ወጣት ፈረንጅ እንባዋን ጠረገች።

መጋረጃው ተገለጠ።

እትዬ ኪዳነምሕረት ፈረሶቹን አይተው ጊዮርጊስንና መርቆሬዎስን ፈለጉ። ከፈረስ ወርደው ሻንጣ ላይ መቀመጣቸው ግር አላቸው። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሻትሉ ሄደ። ረጅም ጊዜ አዩት። ወደኔ ዞሩ። ተመልሰው አዩት።

"ጎሹ፣ አንተ ምን ሠርተህ ነው መጋረጃ ውስጥ የገባኸው?"

በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለማንም እንዳይናገሩ አልኳቸው። ቃል ገቡልኝ። ሰንበቴ ውስጥ ቃል የገባ ሰው ለሁሉም እየነገረ አደራ ይላል።

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ

ያልጠበቅኩት። እረፍት ክፍል ስገባ ሀብቶም ሰው ከቦት ቆሟል። ስልኩን ከፍቶ ሥዕሉን ያሳያል። "እኔ ነኝ" ይላል። "ሴትዮዋን አስታውሳታለሁ፣ ስታየኝ ነበር።"

ብሩክሄቨን ሰፈር፣ ቡና የምንጠጣበት ካፌ ውስጥ ማኪያቶ በነጻ ሰጥተውታል። ግማሹ ሰው እሱ ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ እትዬ ኪዳነምሕረትን ሰምቶ እኔን በጥርጣሬ ያያል። ሀብቶም ትከሻዬን መታ አድርጎ "አንተ ጎሹ፣ ይሄ ነገር ላንተ አይሆንም፣ ፈሪ ነህ፤ ለኔ ተወው" አለኝ።

ተገላገልኩ። ማንም ቢጠይቀኝ ሀብቶም ነው እላለሁ። ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ማታ። ሀብቶም የማይሆንበት ምክንያት፦
1. ጆሮ።
2. የሀብቶም አፍንጫ ከመኪናው መስታወት ይወጣል።
3. ዋንዳን ተራራው በወሰድኩበት ቀን ሀብቶም ዳላስ ሰርግ ላይ ነበር፣ ቪዲዮ አለኝ።
4. ሀብቶም መሪ በአንድ እጁ ነው የሚይዘው፣ ሥዕሉ ላይ ሁለት እጅ ነው።
5. ለምንድን ነው ይሄን የምጽፈው?

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ለዋንዳ ደወልኩላት። ለእድላዊት ሳልነግር። ኢንተርቪው እንዳለብኝ፣ ጊዜው ጥሩ እንዳልሆነ፣ ፊቱን በሌላ ፊት እንድትቀይርልኝ ለመንኳት። ሳትጠይቀኝ መሣሏ ጥፋት መሆኑን አመነች፤ እድላዊት አባቴ ይደሰታል ስላለቻት ነበር አለች። ኤፕሪል 14 ለንግግር አትላንታ ትመጣለች፣ ሰኞ ነው፣ ጋለሪው ዝግ ስለሆነ ያን ቀን ትነካካዋለች። አለቀ።

ስልኩን ልዘጋ ስል፣ ካልሆነ ደግሞ አልኳት፣ ሁለት ዓይን ማድረግ አይቻልም ወይ?

"ምን?" አለች።

ስለ ጻድቅና ስለ ይሁዳ አስረዳኋት። እየሳቀች ሳል ያዛት። ውሃ ጠጥታ ተመለሰችና ስመጣ እናውራ አለችኝ።

ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም። ጥያቄዬ አንዱ ለመጥፋት፣ ሌላው ለመታየት ነው። አንድ ሰው በአንድ ስልክ።

ኤፕሪል 8

እድላዊት ሰማች። ዋንዳ ነግራታለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥታ፣ ቦርሳ እየጫንኩ ሳለ አጠገቤ ቆመች።

"አባዬ፣ ኮሚሽነሩ እንኳን ይሸፈን ብሎ ተወ። ይጥፋ ያልከው አንተ ብቻ ነህ።"

ስለ ኢንተርቪው ነገርኳት። "ኦኬ፣ ይገባኛል፤ ፍርሃትህ ውሸት ነው አላልኩም" አለች። "ግን የቤታችንን ፎቶዎች እያቸው። ሁሌም ጫፍ ላይ ነህ። ግማሽህ ተቆርጦ።"

ፎቶ አንሺው እኔ ስለምሆን ነው አልኳት። ሄደች። የተናገርኩት ውሸት ነው፣ ሰልፊ ላይም ጫፍ ላይ ነኝ። ኋላ ስልኬ ውስጥ ገብቼ ቆጠርኩ፤ መቁጠሩን መሀል ላይ ተውኩት።

ለዋንዳ ደውላ ይደሰታል ስትል አባቷን የምታውቅ መስሏት ነው። "ቀለሙ ጥሩ ነው።" ምን ዓይነት ሰው ነው ለልጁ እንዲህ የሚል?

ኤፕሪል 13፣ እሁድ

ሆሳዕና። ሀብቶም ሥዕሉ ሥር ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ፕሮፋይሉ ላይ ለጠፈ። ሁለት መቶ ሰው ላይክ አድርጎታል። ላይክ አላደረግኩም (ቁጥር 2)።

ነገ ሰኞ ነው።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

ዋንዳ ቀለሟን ዘርግታ ጠበቀችኝ። እድላዊትም ነበረች፣ ጥግ ላይ፣ እጇን አጣምራ። መጋረጃው ተሰብስቧል።

ዋንዳ ሁለት ነገር እችላለሁ አለች። ወይ ኮፍያውን ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮውን አጥፍታ፣ ማንም የማይባል ሹፌር ታደርገዋለች። ሀብቶም ደስ ይለዋል፣ እኔም በሰላም ኢንተርቪው እገባለሁ። ወይ ደግሞ ፊቴን ወደ ሰው ታዞረዋለች፣ በሁለት ዓይን። "ያኔ ግን" አለች፣ "አንተ አይደለህም ማለት የሚችል ሰው የለም። አንተም ጭምር።"

መሀል ያለ ነገር የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የለም አለች።

ሥዕሉን ሳየው ቆየሁ። ፊቴን ላለማዞር የሚሻል ምክንያት ፈለግኩ፤ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት የሹፌር ምክንያት ነው። ፊቴን ካዞርኩ መንገዱን ማን ያያል አልኳት።

"ጎሹ" አለችኝ፣ "መኪናው እኮ ቆሟል።"

አየሁት። በእርግጥም ቆሟል። በሩ ተከፍቷል፣ ፈረሶቹ ይግጣሉ፣ ሰው ገና ሻንጣው ላይ ነው። እኔ ብቻ በሁለት እጄ መሪ ጨብጬ ፊት ለፊት አፍጥጫለሁ። ስንት ዘመን።

እድላዊት ከኋላዬ ናት። ሳቋን እንደያዘች ግን በጀርባዬም ቢሆን ይታወቀኛል።

ወንበር ስጡኝ አልኩ።

"አባዬ፣ ሹር ነህ? ከኢንተርቪው በኋላም ማድረግ እንችላለን" አለች።

"ሀሳቤን ሳልቀይር ቶሎ በሉ" አልኳት።

ከሰዓቱን ሙሉ ተቀመጥኩ። ዋንዳን ፊት ለፊት ማየት ነበረብኝ፣ ዓይኔ ወደ ወለሉ ሲሄድ "ወደዚህ" ትለኛለች። ፈረሰኞቹን ለምን ሁለት ዓይን እንደሰጠቻቸው ጠየቅኳት። ድንጋዩ ላይ ሁሌ ወደ ሌላ ነው የሚያዩት፣ አንዴ እንኳን እኛን ይዩን ብላ ነው። አያትሽስ ለምን በጎን ሆኑ አልኳት። "አያቴ ኮክ ስትበላ ሰው አታይም" አለች።

ስንጨርስ እድላዊት አጠገቤ ቆማ አየችው። ምን ይመስልሃል አለችኝ። ቀለሙ ልል ነበር። "እኔን ይመስላል" አልኩ። እጄን ያዘችኝ።

ኤፕሪል 15

ምን አደረግኩ? ጌታዬ፣ ምን አደረግኩ?

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ሀብቶም ሥዕሉን እንደገና አይቶት "አበላሹት፣ ድሮ ነበር ጥሩ" ይላል። አኩርፏል። ካፌው ማኪያቶውን አቁሞበታል። ጋሽ ክፍሌ በአጉሊ መነጽራቸው አዲሱን ፎቶ መርምረው፣ ከቅዳሴ በኋላ በሰው መሀል ጠሩኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ንስሐ የገባ ሹፌር በሥዕል ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው አሉኝ። አሮጊቷ ግን አሁንም እንቅልፍ ነስተዋቸዋል።

ቶሚ በአጥር በኩል በቲቪ አየሁህ አለኝ። ቶሚ ሥዕሉን እንደማይወደው፣ ግን ጎረቤቱ መሆኔን ለሚስቱ ወንድም እንደነገረው አጫወተኝ። ሦስተኛውን ደንብ ጥሼ አጥሩ ላይ ተደግፌ አወራን። አልተስማማንም። ድፎ ዳቦ ሰጠሁት።

ኤፕሪል 28

ሱፍ ተተኮሰ። መነን ተኛች። ማለት ያለብኝ፦
1. እውነት።
2. አጭር እውነት።

ኤፕሪል 29፣ ማክሰኞ

ሴት ናት፣ መነጽር ያደረገች፣ የማትስቅ። መንዳት፣ አድራሻ፣ ግብር፣ ሁሉንም መለስኩ። ወደ ታሪኩ ጥያቄ ገባን። በአሜሪካ ካሉ የነባር ሕዝብ ነገዶች የአንዱን ስም ጥቀስ አለችኝ።

"ማስኮጊ" አልኩ።

ብዕሯን አቁማ ቀና አለች። ሰው ሁሉ ቼሮኪ ነው የሚላት። ይሄን ከየት አመጣኸው አለችኝ፣ የጥያቄው አካል አይመስለኝም፣ እንዲሁ ገርሟት ነው።

ሊባል የሚችለው፦ ከጥናት መጽሐፉ፤ ከልጄ። ሁለቱም አያስጠይቁም። አፌን ከፍቼ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሥዕላቸው ላይ አለሁበት። የተራራው ሥዕል፣ መጋረጃ የተደረገበት።"

አወቀችው። ዜና ላይ አይታዋለች። ፊቷ ላይ የወደደችው ይሁን የጠላችው የሚነበብ ነገር የለም።

"የቱ ነህ?" አለችኝ።

"ሹፌሩ።"

ማለፌን የነገረችኝ በኋላ ነው። መጀመሪያ ግን ፊቴን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። እኔም አየኋት።